ለዒድ ከጣፋጩ በፊት የኢንሱሊኑን መጠን አስተካክዪ

አሰላሙ ዐለይኩም እህቴ። የስኳር ሕመም ያለባቸው እናትሽ ቅልቅል ኢንሱሊን (ፈጥኖ የሚሠራውና ቀስ ብሎ የሚሠራው በአንድ መርፌ የተቀላቀለበት) በቀን ሁለቴ እንደሚወጉ፣ ረመዳንን በሐኪም ፈቃድ እየጾሙ እንደሆነና ለዒድ ቤቱ በባቅላባና በሙሸበክ ሲሞላ እንዴት እንደምትጠብቂያቸው ጠይቀሻል። የእኔም እናት የምትወጋው ይህንኑ ስለሆነ፣ ጣፋጭ ስኳር እንደሚጨምር በመንገር ጊዜሽን አላባክንም።

አንደኛ፣ ከዒድ በፊት መጠኑን አስጽፊ። በረመዳን የእናቴ መድኃኒት ተገለባብጦ ነበር፤ ጠዋት ትወጋው የነበረው ትልቁ መጠን ወደ ኢፍጣር (ጾም ማፍጠሪያው ሰዓት) ተዛወረ፣ የማታው ደግሞ ተቀንሶ ለሱሑር (ከንጋት በፊት ለሚበላው ምግብ) ሆነ። ይህ ለጾመኛ የተለመደ አሠራር ነው፤ ካርዷ ላይም በግልጽ ሰፍሯል። ያልሰፈረው ጾሙ ሲፈታ ወደ ነበረበት የሚመለሰው መቼና እንዴት እንደሆነ ነው። ስንጠይቅ የክትትል ክፍሉ ባለሙያ ቀና ብላ ሳታየን «ከጣፋጭ ትራቅ» ብላ ካርዱን ወደ እኛ ገፋችው። እናቴ የዒድ ዕለት በየዘመዱ ቤት ስትቀማምስ ዋለች፤ ማታ ጠግቤያለሁ ብላ እራት ተወች፤ ትልቁን መጠን ግን ወር ሙሉ እንደለመደችው መግሪብ (ጀምበር ስትጠልቅ) ላይ ተወጋች። ሌሊት ልብሷ በላብ ርሶ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ የማይያያዝ ነገር ስትናገር ደረስንባት። ስኳሯን ስንለካ 48 (mg/dL) ነበር።

አክስቴ ያን ጊዜ ባቅላባ ልታጎርሳት ስትሮጥ ያስቆምኳት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ድረስ ቅር ይላታል። ቅባትና ለውዝ ያለበት ጣፋጭ ስኳሩን ወደ ደም የሚያደርሰው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ከ70 በታች ለወረደ ሰው የሚያስፈልገው በውሃ የተበጠበጠ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካል፤ ካልጨመረ ይደገማል፤ ሲነሳም ምግብ ይከተላል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ሁለተኛ፣ ከመለካት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ። ይህን ያስተማረችን ያችው ባለሙያ ናት፣ ሳታስበው። ከዒዱ በኋላ ስለ ሌሊቱ ልንነግራት ሄደን ተራ ስንጠብቅ፣ እናቴ የተምር ፍሬ እያወጣች ለልጄ ታጎርስ ነበር። ባለሙያዋ ጣቷን በአልኮል ጥጥ አበስ አድርጋ ወጋችና መሣሪያው 386 ሲያሳይ፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ «በዓል ሲመጣ ሆዳችሁን አትችሉም» ብላ ጮኸችባት። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔ ግን እጇን ታጥባ ካልተደገመ አንወጣም አልኩ፤ በሳሙና ታጥባ፣ በደንብ አድርቃ ስትለካ 171 ሆነ። ይቅርታ የሚባል ነገር አልሰማንም። በዚያ በተምር ጣት ቁጥር መጠን ጨምረውላት ቢሆን ኖሮ ምን ሊደርስ ይችል እንደነበር አንቺው ገምቺ። በዒድ ቀን የማንኛችንም ጣት ከሽሮፕ ንጹሕ አይሆንም።

የዒድ ጠዋትም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ቅልቅል ኢንሱሊን ከተወጉ ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ መብላት ያስፈልጋል፤ ለሶላት ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም የሚወጣ ሰው ግን በመንገዱ መዘጋትና በሕዝቡ ብዛት መቼ እንደሚመለስ አያውቅም። ስለዚህ እናትሽ ወይ ቁርሳቸውን በልተው ይውጡ፣ ወይ መርፌው ከሶላት መልስ ከምግቡ ጋር ይሁን፤ የትኛው እንደሚሻል ሐኪሙን መጠኑን ስታስጽፊ አብረሽ ጠይቂ። በቦርሳሽ ስኳር ያዢ። ከሶላት በፊት ተምር በዊትር (በጎዶሎ ቁጥር) መብላት ሱና ስለሆነ እናቴ ከሦስት አልወርድም ብላ አስቸግራን ነበር፤ አንድም ዊትር መሆኑን የሰፈራችን ሼህ ሲነግሯት ግን በአንድ ተስማማች። ከእኛ አፍ ብትሰማው ኖሮ በጭራሽ አትቀበልም።

ስለ ጣፋጩ ራሱ የምለው ጥቂት ነው። እናቴን ባቅላባ ፈጽሞ አትቅመሺ ብለናት አናውቅም፤ የተከለከለችውን ጓዳ ገብታ እንደምትበላ እናውቃለን። ከምሳ ጋር አንድ ትንሽ ቁራጭ ትወስዳለች፣ በምትኩ ሩዙን ትቀንሳለች። ለስላሳ ግን በቤታችን ቀርቷል፤ አንድ 330 ሚሊ ሊትር ኮካ ወደ 35 ግራም ስኳር ይይዛል፣ ይህም በአንድ ትንፋሽ የሚጠጣ ነው። ለዚያራ (ዘመድ ጥየቃ) ስትሄዱ አስተናጋጇ «በሞቴ» ማለቷ ስለማይቀር፣ እናትሽ ሳህኑን ይቀበሉና አንቺ አጠገባቸው ተቀምጠሽ ብዪላቸው። እኔ ባለፈው ዒድ ሁለት ኪሎ የጨመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ማታ ከመተኛታቸው በፊት ሳትለኪ እንዳትተኚ፤ የስኳር መለኪያውን ስትሪፕም አስቀድመሽ ግዢ፣ የዒድ ዕለት በየሰፈሩ ክፍት ፋርማሲ ማግኘት ይከብዳል።