ደህንነትና ኃይል ቁጠባ፦ ከምርት ክፍል ያነሰ ሥራ ነውን?

ጥያቄ፦ በኬሚካል ምህንድስና ተመርቄ በምግብ ዘይት ፋብሪካ ከተቀጠርሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አሁን ወደ ደህንነትና ኃይል ቁጠባ ክፍል እንድዛወር ተጠይቄአለሁ፤ ጓደኞቼ ግን «ሄልሜት አድርጉ እያሉ መዞር ነው» ይሉኛል። ልቀበለው? (አንባቢ፣ ከቡሬ)

መልስ፦ ይቀበሉት። ፋብሪካዎ ዘይቱን የሚያወጣው በሄክሳን (ዘይቱን ከቅባት እህሉ አሟሙቶ በሚያወጣ ተቀጣጣይ ፈሳሽ) ከሆነ፣ ይህ ፈሳሽ በ69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላና ትነቱም ከአየር ሦስት እጥፍ ያህል የሚከብድ በመሆኑ፣ ካፈተለከ ወደ ላይ በንኖ ከመጥፋት ይልቅ በወለሉና በፍሳሽ ቦዩ እየተሳበ ሄዶ ራቅ ካለ የብየዳ ብልጭታ ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ በአየር ውስጥ ከ1 በመቶ ጥቂት ከፍ ሲል ደግሞ ለፍንዳታ ይበቃል። የጋዝ መጠቆሚያው ጣሪያ ላይ ሳይሆን ከወለሉ አጠገብ እንዲተከል የሚያስደርገው ይህን ጠባይ የሚያውቅ መሐንዲስ ነው።

ኃይል ቁጠባውም ከዚሁ አይርቅም። በ7 ባር ግፊት የሚሠራ የእንፋሎት ቧንቧ ወደ 170 ዲግሪ ስለሚሞቅ፣ ሽፋኑ ከተላጠ ነዳጅም ያባክናል፣ ክንድም ያቃጥላል። እኔ በጀማሪነቴ በሠራሁበት ቦታ አንድ የተበላሸ የእንፋሎት ቫልቭ ቀንና ሌሊት ሲያፏጭ ሁላችንም ድምፁን ለምደነው ነበር (አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል)።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት እንዲጠብቅ ስለሚያስገድድ ቦታው የቅንጦት አይደለም። ብቻ ከመፈረምዎ በፊት አደገኛ ሥራን የማስቆም ሥልጣን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ያ ከሌለ ጓደኞችዎ እውነታቸውን ነው።