1260 የሚለውን ቁጥር አምነህ አትግዛ

ወንድሜ፣ «የነሐስ ማቅለጫ ፉርነሴን (ምድጃዬን) ጡብ አውጥቼ ሴራሚክ ፋይበር፣ ያንን ሙቀት የሚከላከል ጥጥ መሰል ነገር፣ ላለብሰው ነው፤ 1260 ዲግሪ የሚባለው ይበቃኛል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አልብሰው። ግን እሳት ፊት ላይ 1260 እንዳታደርግ።

1. ያ ቁጥር የደረጃው መጠሪያ ነው። በየቀኑ የሚሠራበት ሙቀት ግን 1100 ዲግሪ አካባቢ ነው። ነሐስ ከዚያ በታች ይቀልጣል ትል ይሆናል። ልክ ነህ፤ ነገር ግን የበርነሩ (የእሳት መትፊያው) ነበልባል የሚያርፍበት ግድግዳ ከነሐሱ በላይ ይግላል። ከፊት ዚርኮኒያ የሚባለው ሙቀት ቻይ ነገር ያለበትን 1430 አድርግ። 1260ው ከኋላ ይግባ፣ ወጪህን እዚያ ትቀንሳለህ።

2. ፋይበር ሲግል ይኮማተራል። ሻጭ ይህን አይነግርህም። እኔ «ፉርነስ ማልበስ ሥራዬ ነው» ያለ ባለሙያ ቀጠርኩ። ጫፍ ለጫፍ ገጣጥሞ፣ የሁለቱን ንብርብር መጋጠሚያ በአንድ መስመር አስቆመው። «አይደራረብም እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አንተ ነሐስህን አቅልጥ» አለኝ። በገዛ ግቢዬ! ብዙም ሳንሠራበት መጋጠሚያው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከፈተ። ውጪ ያለው ላሜራ በዚያው መስመር ቀልቶ ተጣመመ። ማያያዣዎቹንም ለካ ከተራ ብረት ነው የሠራቸው፤ ተቃጥለው ሲረግፉ የክዳኑ ፋይበር ክሩሲብሉ (ነሐሱ የሚቀልጥበት ድስት) ላይ ወረደ። የቀለጠው ሁሉ ተበላሸ። ብደውል አያነሳም። አሁንም ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል።

3. ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠራሁም፤ ከልጆቼ ጋር ራሴ አለበስኩት። የመጀመሪያው ንብርብር መጋጠሚያ የሁለተኛው መሀል ላይ ይዋል፤ ጫፎቹን እየጨመቅክ ግጠም። ማያያዣው 310 የሚባለው ሙቀት ቻይ እስቲንለስ ብረት ይሁን፣ ጫፉንም በሴራሚክ ቆብ ሸፍነው። ወለሉን በጡብ ተወው፤ ፋይበር የክሩሲብል ክብደትም ሆነ የሚንጠባጠብ ነሐስ አይችልም። በጡቡ ጊዜ ግድግዳውን ለማጋል ብቻ ስንት ናፍጣ ይነድ ነበር! ፋይበር ሙቀት አይዝም፤ ለኩሰን ቶሎ እንቀዳለን። ያ ባለሙያ መጥቶ ቢያየው ደስ ይለኝ ነበር።

ስለ ፋይበሩ አቧራ ደግሞ ሻጩ «ጥጥ ነው፣ ምንም አያደርግም» ይልሃል። አትስማው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1988 ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ጋር መድቦታል። የባሰው አሮጌው ነው፤ ከ1000 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ከፊሉ ወደ ክሪስቶባላይት ይለወጣል፣ ይኸውም ሳንባ የሚጎዳ የሲሊካ ዓይነት ነው። ስታፈርስ ውኃ እየረጨህ አርጥበው። ፒ3 የሚባለውን ደቃቅ አቧራ የሚያጣራ ማስክ ግዛ፤ የኮቪድ ጊዜው የጨርቅ ማስክ እዚህ አይሠራም። አብረውህ የሚሠሩት ልጆች ልብሳቸውን ቤት ወስደው እንዳያራግፉት።

የፉርነስህን ውስጣዊ ስፋት፣ ቁመቱንና በርነሩ የሚገባበትን ቦታ ለክተህ ላክልኝ። የፋይበሩ ጥቅል ባብዛኛው 61 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ብክነት ሳይበዛ ስንት እንደሚበቃህ አብረን እናሰላለን።