ገመዱን ትንሽ አርግቡት፦ አዲስ ጎጆ ለወጣችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን የመጨረሻዋ ልጄ ስልክ ደወለችልኝ። እሷና ባለቤቷ ከኮንዶሚኒየም ወጥተው ትንሽ ግቢ ያላት ቤት ገብተዋል። «አባዬ፣ ልብስ ማስጫ ልንሠራ ነው። ከጣሪያው ጫፍ እስከ አቮካዶው ዛፍ ሽቦ ብንወጥርስ?» አለችኝ። «እኔ እስክመጣ ምንም እንዳትነኩ!» አልኳት። በጣም ኮስተር ብዬ እንደመለስኩላት የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ይህን የምጽፍላችሁ ለእሷ በስልክ ያልነገርኳትን በደንብ ለማስረዳት ነው፤ ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

እኔ 34 ዓመት የመብራት መስመር ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከተራራ ተራራ ሽቦ ስቤያለሁ። ልብስ ማስጫ ምን ምክር ያስፈልገዋል የምትሉ አትጠፉም። ሁለት ምሰሶ፣ አንድ ገመድ፣ አለቀ። በእናንተ ዕድሜ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ትዳር በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1978 ዓ.ም ጳጉሜ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤቴ ልብስ ማስጫ ሠራሁ። ሁለት የባህር ዛፍ ምሰሶ አንድ ክንድ ያህል ቀበርኩ። ዙሪያውን በድንጋይ ጠቀጠቅሁ። ከዚያ ሽቦውን በፒንሳ እየጠመዘዝኩ ወጠርኩት፤ በጣቴ ስመታው እንደ ክራር ይጮኽ ነበር። ቀጥ ብሎ ሳየው ደስ አለኝ።

ባለቤቴ ለእንቁጣጣሽ የቤቱን ልብስ ሁሉ አጥባ ነበር። ሁለት ጋቢ፣ አራት አንሶላ፣ መጋረጃ። ውሃው ከቦኖ በጀሪካን የተቀዳ ነው። አስጥታ ስትጨርስ አንደኛው ምሰሶ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ አዘነበለ። ክረምቱ አፈሩን አርሶታል። ነጩ ጋቢ መጀመሪያ ጭቃውን ነካ፤ ሌላው ሁሉ ተከተለው። ባለቤቴ አንድም ቃል አልተናገረችም። አንድ በአንድ አንስታ ወደ ሳፋው መለሰችና ጀሪካኑን ይዛ ወጣች። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ያን ያህል የቆጨኝ ሙያዬ ስለሆነ ነው። በሁለት የመብራት እንጨት መካከል ያለውን ሽቦ ቀና ብላችሁ እዩ። መሃሉ ረገብ ብሏል። ሠራተኛው ሰንፎ እንዳይመስላችሁ፤ ተሰልቶ ነው የተተወው። ሽቦ በቀን ሐሩር ይረዝማል፣ በሌሊት ብርድ ያጥራል። ነፋስ ይገፋዋል፣ ወፍ ያርፍበታል። መርገቢያ ካልተውክለት ወይ ራሱ ይበጠሳል ወይ ምሰሶውን ይጥላል። እኔ ይህን ሥራ ላይ በየቀኑ እየተገበርኩ ቤቴ ስገባ ረሳሁት። የቤት ሥራ ስለሆነ ስሌት የሚያስፈልገው አልመሰለኝም።

እስቲ አብረን እናስላው። ሁለቱ ምሰሶዎች 10 ሜትር ይራራቃሉ እንበል። የተሰጣው እርጥብ ልብስ 20 ኪሎ ይሁን። ገመዱ ተጭኖ መሃሉ ዝቅ የሚለው 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ምሰሶ ወደ ውስጥ የሚሳበው 5 ኩንታል በሚያክል ኃይል ነው። አዎ፣ ለ20 ኪሎ ልብስ 5 ኩንታል! ያው ገመድ፣ ያው ልብስ፣ ግን መሃሉ 50 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ብትተዉት ኃይሉ 50 ኪሎ ይሆናል። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ማለት ነው። ለራሳችሁ ግቢ ማስላት ከፈለጋችሁ የልብሱን ክብደት በምሰሶዎቹ ርቀት አባዙት። የመሃሉን ዝቅታ በስምንት አባዙ። ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። ሜትር በሜትር፣ ኪሎ በኪሎ፤ ከዚህ የበለጠ ሒሳብ አይጠይቅም።

ስለዚህ ርቀቱን አሳጥሩት። ስድስት ሜትር ለአንድ ቤተሰብ በቂ ነው። ርዝመቱ ካልበቃችሁ ምሰሶው አናት ላይ እንደ መስቀል አግድም ብረት አስበይዱና ሁለት ገመድ ጎን ለጎን ሳቡ። ያኔ ምሰሶው የሁለቱንም ጉልበት እንደሚሸከም አትርሱ። የረገበ ገመድ ልብሱን መሬት ላይ ያስጎትታል ብላችሁ ከሰጋችሁ መፍትሔው እናቶቻችን ጋ አለ፦ ባላ። ጫፉ መንታ የሆነ እንጨት። ልብሱን አስጥታችሁ ስትጨርሱ መሃሉን በባላ ቀና ታደርጉታላችሁ። ቀለል ያለ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በጣም ብልህ ዘዴ ነው።

ምሰሶው ሁለት ኢንች የጋለቫናይዝድ ቧንቧ ቢሆን ይመረጣል። ባህር ዛፍም ይሠራል፤ ግን አፈር ውስጥ ያለው ክፍሉ ይበሰብሳል፣ ምስጥም አይምረውም። ጉድጓዱ ቀይ አፈር ላይ 70 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። የእናንተ ግቢ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር አፈር፣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቦሌና ቃሊቲ አካባቢ የምትኖሩ መረሬን ታውቁታላችሁ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በየዓመቱ ምሰሶውን ያንገዳግደዋል። እዚያ ቢያንስ አንድ ሜትር ቆፍሩ። ኮንክሪቱ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ነው። ምሰሶዎቹን ስትተክሉ ከላይ በኩል ወደ ውጭ ትንሽ አዘንብሏቸው፤ ገመዱ ሲስባቸው ይቃናሉ። ከዚያ ጠብቁ። ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ እያጠጣችሁ ጠብቁ። ኮንክሪት ሙሉ ጉልበቱን አገኘ የሚባለው በ28 ቀን ነው። ጠዋት ተክሎ ማታ ልብስ የሚያሰጣ ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ሽቦውን ዛፍ ላይ አትሰሩት። ዛፉ ያድጋል፣ ሽቦው አያድግም። ልጡን እየበላ ይገባል፤ ዙሪያውን ከቆረጠው ዛፉ ይደርቃል። ወፎቹ ከላይ ሆነው በነጠላችሁ ላይ የሚያደርጉትንም አስቡት።

አሁን ልጄን «እንዳትነኩ» ያልኩበት ዋናው ምክንያት ጋ ደረስኩ። ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

የብረት ሽቦን ከጣሪያ ቆርቆሮ ጋር አታገናኙ። በጭራሽ። ብዙ ቤት መብራት የሚገባው በጣሪያው በኩል ነው። የመብራቱ ገመድ የቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ተኝቶ ነፋስ ሲያወዛውዘው ላስቲኩ በዓመታት ይላጣል። አንድ ቀን ቆርቆሮው ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ማንም አያይም፣ ድምፅ የለውም። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ የታሰረው የልብስ ሽቦም ያው 220 ቮልት ነው። እርጥብ ልብስ፣ እርጥብ እጅ፣ እርጥብ መሬት፣ ባዶ እግር።

አንድ ጊዜ ጎረቤት ጠርቶኝ ሄድኩ። ለሌላ ነገር ነበር የተጠራሁት፤ አምፖል ይርገበገባል ተብሎ። ልብስ የምታጥበው ልጅ ጥግ ቆማ «ጋሼ፣ ይሄ ሽቦም ይነዝረኛል» አለችኝ። ስንት ጊዜ ሆነው አልኳት። ሁለት ሳምንት። ለቤቱ ሰዎች ነግራለች። «ብርድ ነው» ብለዋታል። ቴስተሬን አውጥቼ ሽቦውን ነካሁት። ቦግ አለ። ቆርቆሮውን ነካሁት። ቦግ አለ። ሮጬ ከቆጣሪው ላይ አጠፋሁና መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ከዳኝ። ልጅቷ ሁለት ሳምንት ሙሉ የተረፈችው ጫማዋ ፕላስቲክ ስለነበረ ይመስለኛል።

አንድ ሰው «ነዘረኝ» ካላችሁ እመኑት። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ አጥፉ፣ ከዚያ ባለሙያ ጥሩ። ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ካለ በእጃችሁ አትጎትቱት፤ ማጥፋት ካልቻላችሁ ደረቅ እንጨት ፈልጉ። ልብስ ማስጫችሁ ከመብራት መስመር ሥር አይሁን፤ ከመብራት እንጨትም፣ እንጨቱን ወደ መሬት ወጥሮ ከሚይዘው ደጋፊ ሽቦም ጋር አይታሰር። ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ነው ብላችሁም አትተማመኑ፤ ቋጠሮው ላይ ይላጣል።

ስለ ገመዱ ዓይነት ብዙ አልልም። ጥቁር ሽቦ አትግዙ፤ ይዝግና ነጭ ልብስ ላይ የማይለቅ እድፍ ይተዋል። የናይለን ገመድ ጥሩ ነው፤ ግን አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ገመዱን ታደርቀዋለች። መፈርፈር ሲጀምር ቀይሩት። ባለ ቀለም ልብስም በዚሁ ፀሐይ ስለሚነጣ ገልብጣችሁ አስጡት። ጋቢን በአንድ ጠርዙ አታንጠልጥሉት። አራት ድርብ ነው፤ ውሃ ሲይዝ በጣም ይከብዳል፣ ቅርጹም ይበላሻል። በሁለቱ ገመዶች ላይ ዘርጉት፤ በመሃሉም ነፋስ ይገባል።

የመጨረሻው ቁመቱ ነው። ያ ምሰሶ ከወደቀ በኋላ እንደገና ሠራሁ። በዚህኛው ጊዜ በብረት፣ በኮንክሪት፣ ልክ እንደ ሙያዬ። በጣም ኮራሁበት። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ገባሁ። ባለቤቴ በርጩማ ላይ ቆማ አንሶላ ታሰጣለች። አንድ ልብስ ታሰጣለች፣ ትወርዳለች፣ በርጩማውን ታንቀሳቅሳለች፣ ትወጣለች። ገመዱን የሰቀልኩት በእኔ እጅ ልክ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ነግሬህ ነበር እኮ» አለችኝ። በቁጣ አይደለም የተናገረችው። እኔ ነኝ ያልሰማሁት። በማግስቱ ገመዱን ዝቅ አደረግሁት። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቤት ሄድኩ። ቀይ አፈር ነው፤ ደስ አለኝ። ከአማቼ ጋር ጉድጓዶቹን ቆፈርን፣ ቧንቧዎቹን አቆምን፣ ኮንክሪቱን ሞላን። ከዚያ ልጄን ጠርቼ ምሰሶው አጠገብ አቆምኳትና «እጅሽን ወደ ላይ ዘርጊ» አልኳት። ሳቀች። «አባዬ፣ ልብስ የሚያጥበው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው» አለችኝ። እሱንም አቆምኩት። በጠመኔ ሁለት ምልክት አደረግሁ፤ የሷ ከሱ አንድ ስንዝር ዝቅ ይላል።

የመንጠቆውን ቀዳዳ በዝቅተኛው ምልክት ላይ በሳነው። ባላውን እኔ አዘጋጅቻለሁ። ገመዱን የምንስበው ኮንክሪቱ ሲጠነክር ነው።