በደም ሥር ጉዳት ስለሚመጣው የመርሳት ችግር፦ ጥያቄና መልስ

ከአራዳ፣ ከካዛንቺስና ከዙሪያው በዕድሜ የገፉ ወላጆች ያሏችሁ የጠየቃችሁትን፣ ተመሳሳዩን እያዋሃድኩ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አባባ 74 ዓመቱ ነው። የድሮውን አንድ በአንድ ይተርካል፤ የዕድሩን ሂሳብ መያዝ ግን አቅቶታል፤ እግሩንም ይጎትታል። እርጅና አይደለም?

መልስ፦ እርጅና ያዘገያል እንጂ የለመዱትን ሂሳብ አያስጠፋም። ይሄ ወደ ቫስኩላር ዲሜንሽያ፣ ማለትም በደም ሥር ጉዳት ወደሚመጣው የመርሳት ችግር ያደላል። እሱ ሁልጊዜ በመርሳት አይጀምርም፤ ቀድሞ የሚጎዳው ማቀድ፣ ማስላትና ፈጥኖ ማሰብ ነው። እርምጃ ያጥራል፣ ሽንት ያጣድፋል፣ ሰውየው ለነገሩ ሁሉ ግድ ያጣል። በአንጎል ውስጥ ጠልቀው የገቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ለዓመታት በግፊትና በስኳር ሲጎዱ ግድግዳቸው ወፍሮ ይጠባሉ፤ ደም ያጠረው ክፍል ቀስ በቀስ ይጎዳል። ትልቅ ሥር ሲዘጋ ደግሞ የሰውየው አእምሮ ለወራት ባለበት ይቆይና በአንድ ቀን ዝቅ ይላል።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል የኅብረተሰብ ጤና ችግር ነው?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዲሜንሽያ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከዲሜንሽያ ዓይነቶች በብዛት ከአልዛይመር ቀጥሎ የሚመጣው ይሄኛው፣ የደም ሥሩ ነው። እኛ ጋ ካርዱ ላይ የሚጻፈው «ግፊት» ወይም «ስትሮክ» (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) ነው፤ አእምሮውን የሚጠይቅ የለም። ወጪው ሥራዋን ትታ በምታስታምመው ልጅ ላይ ያርፋል። ከመጀመሪያው ስትሮክ በኋላ ከአሥር ሰው አንዱ ገደማ፣ ከተደጋገመ ደግሞ ሲሶው ገደማ ዲሜንሽያ ይይዘዋል። ስለዚህ እንደ እኔ ከሆነ፣ ያለችን ጥቂት ገንዘብ መዋል ያለባት ሁለተኛውን ስትሮክ ለማስቀረት ነው።

ጥያቄ፦ ግፊቱን ቤት ስንለካ አንዴ 170፣ አንዴ 130 ይላል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አለካኩ ነው። ከመለካት በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጣ፤ ሽንት ይሽና። ወንበር ተደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ክንዱ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ጨርቁ በራቁት ክንድ ላይ ይጠቅለል። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ጨርቅ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለሰባት ቀን ለኩ፤ የመጀመሪያውን ቀን ጣሉና የቀሪውን አማካይ ውሰዱ። ቤት ውስጥ አማካዩ 135/85 ከደረሰ ከፍተኛ ነው። ቆሞም ይለካ፦ የላይኛው ቁጥር በ20 ከወረደ ለሐኪሙ ንገሩ፤ መድኃኒት ሲጨመር ሰውየው ሲነሣ ሊወድቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ በጾም ክኒኑን ይተዋል።

መልስ፦ የግፊት ክኒኑ አምሎዲፒን ከሆነ የሚወሰደው በቀን አንዴ ነው፤ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተመካክራችሁ ወደ ማታ አዙሩት። የንስሐ አባቱም ይንገሩት፤ ከእናንተ ይልቅ እሳቸውን ይሰማል። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ፤ ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጅ የገባውም ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ኤም.አር.አይ. (የአንጎል ምስል) እናስነሳ?

መልስ፦ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። በጤና መድን ጥቁር አንበሳ ለመድረስም ሪፈር ያስፈልጋል። ስኳር፣ ደም ማነስ፣ ኩላሊት፣ ታይሮይድ፣ ቢ12፣ ቂጥኝና ኤች.አይ.ቪ. ይታዩ። የሚውጠውን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ዲያዜፓም (ማረጋጊያ) ወይም አሚትሪፕቲሊን (የድብርት መድኃኒት) ብቻውን ሰውን ሊያደነዝዝ ይችላል፤ በራሳችሁ ግን በድንገት አታቋርጡ።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ ወደ ኮንዶሚኒየም ከተዛወርን ወዲህ እማዬ ሌሊት ሽንት ቤቱ ይጠፋታል።

መልስ፦ አልጋዋን እንደ ድሮው ቤት አቅጣጫ አድርጉት፤ የሽንት ቤቱ መብራት ሌሊቱን ይብራ፤ በሩ ላይ ሥዕል ለጥፉ፤ ምንጣፉን አንሡ። የዘበኛውና የጎረቤት ስልክ ይኑራችሁ፤ የእናንተን ቁጥር ልብሷ ውስጥ ስፉላት። ግራ መጋባቱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከመጣ ኢንፌክሽን ወይም የውሃ እጥረት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ትታይ። አፏ ከጠመመ ወይም አንድ እጇ ከዛለ የጀመረበትን ሰዓት መዝግባችሁ 907 ደውሉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ዶኔፔዚል የሚባለው የአልዛይመር መድኃኒት ይገዛላት?

መልስ፦ ለዚህ ዓይነቱ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ የልብ ምትም ሊያዘገይ ይችላል። ብሩ ለግፊቱ ክኒን ይዋል።