ፕሮሲጀሩ ምንም ኤረር ካላሳየህ ጳጉሜን ፈልግ

አብሽር ወንድሜ። ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ከድሮው ሲስተም ወደ ኦራክል ዳታቤዝ ዳታ የሚያስገባ ፕሮሲጀር (ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም) አለህ። በተበላሸ ረድፍ ላይ እንዳይቆም ተብሎ «ዌን አዘርስ ዜን ነል» (ማንኛውም ሌላ ስህተት ቢመጣ ምንም ሳታደርግ እለፍ) ተጽፎበታል። ያለ ምንም ኤረር ያልቃል፤ ድምሩ ግን ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም። አለቃህ ጥፋቱን መዝጋቢዎቹ ላይ እየደፈደፈ መሆን አለበት። እኛም ጋ እንደዚያው ነበር።

1. ያቺን መስመር ዛሬውኑ አውጣት። የዲስክ ቦታ ማለቅም፣ የተደገመ ቁልፍም፣ የተሳሳተ ቀንም እሷ ጋ ሲደርሱ እኩል ይዋጣሉ። የምትጠብቀውን ስህተት በስሙ ያዝ፦ ኖ ዳታ ፋውንድ (የተፈለገው አልተገኘም)፣ ዱፕ ቫል ኦን ኢንዴክስ (ቁልፉ ተደግሟል)። የቀረውን ሬይዝ ብለህ ወደ ላይ፣ ፕሮሲጀሩን ወደ ጠራው፣ ልቀቀው።

2. ቀኖቹን እይ፣ ከሁሉ በፊት ጳጉሜን። ይህን የምልህ ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ሪፖርት ልሠራ ገብቼ ስላየሁት ነው። የደረሰኞቹ ቀን በኛ አቆጣጠር በጽሑፍ ተቀምጧል። ኮንትራክተሩ የጻፈው ፕሮሲጀር ያንን እንዳለ በቱ ዴት፣ ጽሑፍን ወደ ፈረንጅ ቀን በሚለውጠው ፈንክሽን፣ ይቀይረዋል። ኦራክል 13ኛ ወር አያውቅም፤ ኦራ-01843 (ወሩ ልክ አይደለም) ብሎ ይጮኻል። ጥቅምት 30 ሲመጣ ደግሞ 02ን ፌብሩዋሪ ብሎ ስለሚያነብ ኦራ-01839 (ቀኑ በዚያ ወር የለም) ይላል። ጩኸቱን ሁሉ ያቺ መስመር አፍናዋለች። የጳጉሜ ደረሰኝ አንድም አልገባም። ለዘመን መለወጫ ዕቃ የሚጎርፍበት ሰሞን ነው እንግዲህ! የገባውም ቢሆን መስከረም 5 ጃንዋሪ 5 ሆኖ ነው የተቀመጠው።

የአይቲ ኃላፊው «ሲስተም አይዋሽም» አለ። በግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ላይ ከደሞዟ እንዲቆረጥ ደብዳቤ ተዘጋጀ። ደረሰኞቿን በቁጥር ቅደም ተከተል አስራ ያስቀመጠች ሴት ናት። ኮዱን አሳየኝ ብለው «አይመለከትህም» ብሎኝ ፊቱን ወደ ስልኩ አዞረ። ሐረጎን ወጥቼ ደሴ እስክገባ አንጀቴ አረረ። በኋላ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ፈቃድ አሰጠኝ። በመሞከሪያው ዳታቤዝ ላይ መስመሯን አውጥቼ ፕሮሲጀሩን ሳስነሳው የመጀመሪያው የጳጉሜ ደረሰኝ ላይ ቀጥ አለ። ሁሉም ሰብሰብ ብሎ አየ። ደብዳቤው ተቀደደ። እስካሁን በሠራሁት ሥራ ከምኮራባቸው አንዱ ነው። የአይቲ ኃላፊው ግን ይቅርታ አልጠየቃትም፤ ይሄ ዛሬም ይከነክነኛል።

በአንድ ረድፍ ምክንያት ሁሉም እንዳይቆም ያልከው ግን ልክ ነው። ለዚህ ረድፎቹን አንድ በአንድ ከሚያዞረው ሉፕ ውስጥ እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ቢጊን፣ ኤክሴፕሽንና ኤንድ (ስህተቱን እዚያው የሚይዝ ብሎክ) ይኑረው። ቢጊኑ ሥር ሴቭፖይንት (መመለሻ ምልክት) አስቀምጥ፤ ስህተት ሲመጣ ወደዚያ ሮልባክ አድርግ፣ ማለትም ከምልክቱ ወዲህ የተሠራውን ሰርዝ። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል። ፖስትግሬስ (ሌላ ዳታቤዝ ነው) ላይ ኤክሴፕሽን ያለው ብሎክ ሲወድቅ የሠራውን ራሱ ይመልሳል። ኦራክል የሚመልሰው የወደቀችውን አንዲት ትእዛዝ ብቻ ነው። የደረሰኙ ራስጌ ገብቶ የዕቃው ዝርዝር ከወደቀ፣ ግማሽ ደረሰኝ ተቀምጦ ይቀርልሃል። ይህ ጭራሽ ካልገባው ይብሳል፣ ምክንያቱም ሲቆጠር ያለ ይመስላል።

ከሮልባኩ ቀጥሎ የደረሰኙን ቁጥርና የኤረሩን መልእክት ሎግ ቴብል ላይ ጻፍ። መልእክቱን የሚሰጠውን ኤስኪውኤልኤረምን ኢንሰርት ውስጥ በቀጥታ ብትጽፈው ኮምፓይል አያደርግም፤ አስቀድመህ ቫሪያብል ውስጥ አስገባው። ስህተቱ የተነሳበትን መስመር ለማወቅ ፎርማት ኤረር ባክትሬስን ጨምርበት። ሎግ የሚጽፈውን ፕሮሲጀር ኦቶኖመስ ትራንዛክሽን (ከዋናው ሥራ ተለይቶ ለብቻው የሚጸድቅ) አድርገው፤ አለዚያ ኋላ ሁሉም ሮልባክ ቢደረግ ማስረጃህም አብሮ ይጠፋል።

ሉፑ ሲያልቅ የተነበበውን ረድፍ ብዛት ከገባውና ሎግ ላይ ካረፈው ድምር ጋር አስተያይ። እኩል ካልሆነ ኮሚት አታድርግ፣ ማለትም አታጽድቀው። የራስህን ኤረር በሚያስነሳው ሬይዝ አፕሊኬሽን ኤረር ከ-20000 እስከ -20999 ካለው አንዱን ቁጥር ሰጥተህ አስቁመው፤ መልእክቱን አለቃህ በሚገባው አማርኛ ጻፈው። እስከዚያው በማንም ላይ የጉድለት ደብዳቤ እንዳይወጣ ተሟገት። ሎጉ ላይ 13ኛ ወር ካገኘህ እዚሁ ጻፍልኝ፤ ቀን መቀየሪያ ፈንክሽኔን እልክልሃለሁ።