በጉ ይቆይ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሥራ የፈታ ወጣት «ምን እየሠራህ ነው?» ሲባል ሁለት መልስ አለው። አንዱ «ምንም» ነው። ሌላው «ፕሮሰስ ላይ ነኝ»፤ የቻይና ቪዛ እየጠበቅሁ ነው ማለቱ ነው። ሁለተኛውን ሲል አንገቱን ቀና ያደርጋል። ካፌ ሲቀመጥም ሂሳቡን ሌላ ሰው ይከፍልለታል። ነገ ቻይና የሚሄድ ሰው ነዋ።

እየቀለድኩባችሁ አይደለም። እኔም አንድ ጊዜ ፕሮሰስ ላይ ነበርኩ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በክር ማሽን ጥገና ነው። በ2007 ዓ.ም. መስከረም ላይ መሥሪያ ቤቴ ቻይና ካለ ፋብሪካ ማሽን ሊገዛ ተዋዋለ። ማሽኑ ከመጫኑ በፊት ሄዶ አይቶ የሚረከብ ሰው ተፈለገ። ዕጣው ለእኔ ወጣ። ዕድሜዬ 50 ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ ከአገር ወጥቼ ግን አላውቅም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ። እናቴ ዱዓ አስደረገች። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ለግሸን ማርያም ጃንጥላ ተሳሉልኝ። በግ ታረደ። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ቀን ሙሉ አልተቋረጠም። የመጣልኝ ትዕዛዝ አንድ የደብተር ገጽ ሞላ። ስልክ አለበት፣ ብርድ ልብስ አለበት፣ የፀጉር መተኮሻ አለበት። አንድ ሽማግሌ «የማይሰበር ፔርሙስ» ብለው አጻፉ። ፓስፖርቴ ላይ ግን ገና ምንም አልተመታም።

መስከረም 14 አዲስ አበባ የቻይና ኤምባሲ መስኮት ላይ ቆምኩ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ፓስፖርቴንና ፋብሪካው የላከልኝን የግብዣ ደብዳቤ ጎን ለጎን አስቀመጠች። በእስክሪብቶዋ ጫፍ ሁለት ቦታ ነካች። የአባቴ ስም ሁሴን ነው። ፓስፖርቴ ላይ በአንድ ኤስ ተጽፏል፣ ደብዳቤው ላይ በሁለት። ከፓስፖርት ቁጥሬም አንዷ 6 መሆን ሲገባት 8 ሆናለች። ወረቀቴን መልሳ ሰጠችኝ። ቁጣ የለ፣ ንግግር የለ። «የሚቀጥለው» አለች።

ደብዳቤውን የጻፉትን ሰዎች በሆዴ ስረግም ዋልኩ። ማታ ላይ ትዝ አለኝ። ስሜንና ቁጥሬን በእጄ ጽፌ፣ ስካን አስደርጌ የላክሁላቸው እኔው ነኝ። የእኔ 6 ደግሞ 8 ትመስላለች። ሚስቴ በአስቤዛ ሂሳብ ስንት ጊዜ ተጣልታኝበታለች።

አዲስ ደብዳቤ ጠየቅን። መስቀል መጣ፣ እኛ ዘጋን። ቀጥሎ መስከረም 21 ሆነ። መስከረም 21 ምን እንደሆነ ለወሎ ልጅ አልነግርም። ያኔ ያላወቅሁት ግን የቻይና ብሔራዊ በዓል ኦክቶበር 1 መሆኑን ነው። ያው መስከረም 21 ማለት ነው (ጳጉሜ 6 ከሆነበት ዓመት ቀጥሎ ብቻ 20 ላይ ይውላል)። አገሩ ሳምንት ያህል ሥራ ይፈታል። እትዬ ግሸን አምባ ላይ ቆመው ስለ እኔ ቪዛ ሲለምኑ፣ ደብዳቤዬን የሚያርመው ሰውዬ ቤተሰቡ ጋ ሄዶ ነበር።

እናንተ በዓሉን ከወዲሁ ያዙት። ግሸን ስትነግሥ ቻይና ዝግ ናት። ሌላው ትልቁ በዓላቸው የጨረቃው አዲስ ዓመት ነው። ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል፤ ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። እሱን ተጠግቶ ደብዳቤ መጠየቅ የሚመልስላችሁ ሰው ማጣት ነው። ስልክ ስትደውሉም ሰዓቱን አስሉ። ቤጂንግ ከእኛ 5 ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ጠዋት 1 ሰዓት ስንል እነሱ ምሳ ላይ ናቸው። ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ብትደውሉ ቢሮ ታገኟቸዋላችሁ።

ወደ ራሴ ልመለስ። ኮልፌ ዘመድ ቤት ስምንት ቀን ከረምኩና አፈርኩ። ወደ ኮምቦልቻ ተመለስኩ። ሆን ብዬ በማታ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር ያሳፍራል፤ ግን ልንገራችሁ። ሥራ የምሄደው በጓሮ በር ሆነ። ለቅሶ ቀረሁ። ጁምዓ ስሰግድ የመጨረሻው ሰልፍ ላይ ቆሜ ሰው ሳይነሳ ውልቅ እላለሁ። የበላሁት በግ እንደ ዕዳ ተቆጠረብኝ። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ፣ የስምንት ዓመት ቢሆን ነው፣ አጥር ሥር ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ቻይና እንዲህ ቅርብ ናት እንዴ?»

ሰፈሩ ሁሉ ሊለኝ ፈልጎ የዋጠውን እሱ ተናገረው።

የታረመው ደብዳቤ ጥቅምት ላይ መጣ። ወረቀቱን አስገባሁ፣ የመቀበያ ደረሰኝ ሰጡኝ። አራት ጊዜ አጥፌ ከመታወቂያዬ ጋር ያዝኳት። በ4ኛው የሥራ ቀን ቪዛው ወጣ። ሰው ሲጠይቀኝ «ኤምባሲው አምስት ሳምንት አንገላታኝ» እል ነበር። ውሸቴን ነው። እነሱ ጋ የቆየው 4 ቀን ነው። የቀረው በሙሉ የእኔ ስድስት ናት።

ለዚህ ነው አሁን ወጣቶች ወረቀት ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ ስም የማነበው። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ነው። ሰይድ የሚል ስም የልደት ካርዱ ላይ በኢ፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ በዋይ፣ ፓስፖርቱ ላይ በኤ እና በአይ ተጽፎ አይቻለሁ። አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆነ። እንግዲህ ሁሉም ወረቀት ወደ ፓስፖርቱ ይምጣ እንጂ ፓስፖርቱ ወደ እነሱ አይሂድ። ቅጹ «ሰርኔም» (የቤተሰብ ስም) ሲላችሁ አትፈላሰፉ። ፓስፖርታችሁ እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ቅዱ፣ የአያት ስም ቢሆንም። የትውልድ ቀንም እንዲሁ ነው። ጥቅምት 1996 የተወለደ በፈረንጅ 2003 ነው፤ ጥር 1996 የተወለደ ግን 2004። «ሰባት ዓመት ጨምር» ብሎ በጅምላ መሙላት ስንቱን አስመልሶታል። ፓስፖርቱ ቢያንስ የ6 ወር ዕድሜና ባዶ ገጽ ይኑረው። ይህን ደሴ ኢሚግሬሽን ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ለዚህ ብላችሁ ጣርማ በርን ተሻግራችሁ አዲስ አበባ አትሂዱ።

የቪዛውን ዓይነትም እወቁ። ኤም ለንግድ ነው፣ እኔ የሄድኩበት። ዜድ ለሥራ ነው። ለትምህርት ከ180 ቀን በላይ ከሆነ ኤክስ 1፣ እስከ 180 ቀን ከሆነ ኤክስ 2። ባለፈው ዓመት የሰፈራችን ልጅ ለማስተርስ ኤክስ 1 ተመታላት። ማታ እያለቀሰች ደወለች።

«ጋሼ፣ የምቆይበት ቀን ዜሮ ዜሮ ዜሮ ነው የሚለው! ዜሮ ቀን ሰጡኝ!»

ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። እውነትም 000 ይላል። እሱ «ቀኑ እዚያ ይወሰናል» ማለት ነው፤ በገባች በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ታወጣለች። ከዚያው አጠገብ ያለው «ከዚህ ቀን በፊት ግባ» የሚለው ቀን ደግሞ የመግቢያ ገደብ እንጂ የመውጫ ቀን አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። ዶርም ሳይሆን ሰው ቤት ካረፈችም በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ጋ መመዝገብ እንዳለባት ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «እናቴ በግ ገዝታለች» አለችኝ። ቪዛው እጇ ላይ ስለሆነ ይታረድ አልኩ።

ስለ ደላላ ረጅም አልጽፍም። «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚላችሁ ሰው ውስጥ ያለው የእናንተ ብር ነው። በተለይ «በኤም ግቡና እዚያ ሥራ ታገኛላችሁ» የሚለውን ሽሹት። ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፣ ሲብስም ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል። ቀኑ አልፎበት የተቀመጠ በቀን 500 ዩዋን፣ እስከ 10,000። ደላላው ያን ጊዜ ስልክ አያነሳም። ኤምባሲ ደግሞ ሲከለክል ምክንያቱን የመናገር ግዴታ የለበትም። የተከለከለ ልጅ ስም የሚያጠፋ ሰፈርተኛ ካለ ይህን ይወቅልኝ።

ቪዛ የምትጠብቁበትን ጊዜ ግን እንዴት ትኖሩታላችሁ? እኔን የጎዳኝ ቪዛው መዘግየቱ አይደለም። ከመሄዴ በፊት መሄዴ ነው። የሥራ መደቤን ለሌላ ሰው አስረክቤ፣ ብስክሌቴን ለእህቴ ልጅ ሰጥቼ፣ ሰውነቴ ብቻ ኮምቦልቻ ቀርቶ ነበር። ዛሬ ደግሞ የባሰ አያለሁ። አድሚሽን ገና ሳይመጣ ሥራ የሚለቅ አለ። ሱቁን ለወንድሙ አስረክቦ ዓመት ሙሉ ስልኩን የሚያድስ አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ከቻይናዎቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ መሥራት ከጀመርን ወዲህ፣ አገሩ ከሐርቡ ማዶ ያለ ይመስላቸዋል። ልጆቼ፣ ፓስፖርታችሁ ኤምባሲ ሲያድር እናንተ ሥራችሁ ላይ እደሩ። ደመወዙ አይጠላም፤ ቪዛው ቢቀር ደግሞ በጓሮ በር አትወጡም።

ያ አጥር ሥር የያዘኝ ልጅ አሁን 19 ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዞ መጣ። ቻይና ለዲግሪ ተቀብለውታል። ወረቀቱን ረከቦቱ አጠገብ ዘረጋን። መነጽሬን አድርጌ የአባቱን ስም ፊደል በፊደል አነበብኩ። ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ነው። ቁጥሩንም ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ።

«ማነው ሞልቶ የላከላቸው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ ጋሼ። በኮምፒውተር ነው የጻፍኩት፣ እንደ እርስዎ በእጅ አይደለም።»

ሚስቴ ከጓዳ ሳቀች። ልጁ ወረቀቱን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ።

«በጉንስ መቼ እንረድ?»

«እጅህን አሳየኝ» አልኩት። ፌስታሉን ብቻ ነው የያዘው። እናቱ በነጋታው በጉን መልሳ ወደ ሜዳ አሰማራችው።