ለጀማሪ የሞተር ስልጠና ገንዘብ ላውጣ?

ጥያቄ፦ ሞተር ሳይክል ልገዛ ነው። ብስክሌት ከልጅነቴ ጀምሮ እነዳለሁ። ጓደኛዬ «እኔ አሳይሃለሁ፣ በአንድ ከሰዓት ትለምደዋለህ» ይለኛል። የጀማሪዎች ስልጠና ያዋጣል ወይስ ብር ማባከን ነው?

መልስ፦ ያዋጣል ወንድሜ። እኔንም ያስተማረኝ ጓደኛዬ ነበር። «የፊት ፍሬን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል» አለኝ። አምኜው 2 ዓመት ሙሉ በኋላ ፍሬን ብቻ ነዳሁ። አንድ ቀን ከፊቴ ያለው መኪና ድንገት ቆመ። የኋላውን ረገጥኩት፤ ጎማው ተቆልፎ እየተንሸራተተ ወሰደኝ። የጉልበቴ ጠባሳ እስከዛሬ አለ።

ስልጠና የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ እያፈርኩ። ለካ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ፣ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው! ግን ላፍ አድርገህ አትይዘውም። እርጥብ ስፖንጅ እንደምትጨምቅ፣ ቀስ እያልክ እያጠበቅክ ነው። ሞተሩን ቀጥ አድርገህ፣ ዓይንህን መሬት ላይ ሳትተክል። ይህችን ብቻ ግማሽ ቀን ደጋገምናት። እጄ እስኪዝል።

ሌላው ኩርባ ነው። ፍጥነት ላይ ሆነህ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን እጀታ ወደ ፊት ትገፋለህ። ግራ ያጋባል አይደል? ብስክሌትህም ላይ ሳታውቀው ታደርገዋለህ።

እርግጥ ባዶ ሜዳ ላይ የትራፊክ ግርግር አትማርም። እሱ ጊዜ ይፈልጋል።

ደግሞ ሞተሩን ከመግዛትህ በፊት ግባ። የመለማመጃ ሞተር የሚያቀርቡ ከሆነ፣ ፍሪሲዮን (ማርሽ ስትቀይር የምትጨብጠውን) ስትለምድ የምትጥለው ያንተን አዲስ ሞተር አይደለም።